ከቤት የሚላክልኝ ብር ወር አይደርስም፣ ነን ካፌ ልውጣ ወይስ ካፌ ልቆይ? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆች)

ቢስቲማ_ልጅ
ሰላም ለናንተ ይሁን የወሎ ልጆች፣ ሰላሙ አለይኩም። ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ደሴ ነው ምማረው። አባቴ ገበሬ ነው፣ እህል ሲሸጥ ወይም ፍየል ገበያ ሲያወጣ ይልክልኛል፣ ጂዳ ያለችው እህቴም አልፎ አልፎ ታግዘኛለች፣ ተደማምሮ በወር 1,500 ብር ገደማ ይሆናል፣ አንዳንድ ወር ደሞ ምንም የለም። ምበላው የግቢው ካፌ ነው። ዶርም ካለነው ስድስት ልጆች ሦስቱ በሚቀጥለው ሴሚስተር ነን ካፌ ሊወጡ ነው፣ አንተም አብረኸን ውጣ እያሉኝ ነው፣ በካፌው ምግብ ፈንታ በየወሩ 3 ሺ ብር እጃችን ሲገባ እንደልባችን እንሆናለን ነው ሚሉት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዛ ያደላል፣ ምክንያቱም የቤት ብር መጣ ማለት አንድ ሳምንት ነው፣ ከዛ በኋላ ኮፒ ማስደረጊያ እንኳን ስለማይኖረኝ የጓደኛ ሀንድ አውት እየተዋስኩ ነው ማነበው። አባቴን ጨምርልኝ ማለት ይከብደኛል፣ ስደውልለት "አብሽር ልጄ አንተ ብቻ ትምህርትህን" ይለኛል፣ እሱን ሰምቼ ብር እንዴት ልጠይቅ።
ጥያቄዬ ሁለት ነው። ነን ካፌ ያዋጣል ወይ? ደሞ ትንሿን ብር ወር ምታደርሱ ልጆች እንዴት ነው ምታደርጉት? ይሄን ኑሮ ሚኖር ሰው ካለ ይንገረኝ።

ጦሳ_ስር
ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እኔ ከተመረቅኩ ቆየሁ፣ አሁን ኮምቦልቻ ነው ምሰራው፣ ግን ይሄን ነገር ብዙ ልጅ ላይ ስላየሁት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ነን ካፌ ከመውጣትህ በፊት ቁጭ ብለህ አስላ። 3 ሺ ብር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 100 ብር ነው። ግቢ በር ላይ ካሉት ቤቶች አንድ ሽሮ በቅናሽ 80 ብር ብለን እንያዝ፣ ቁርስ ዘለህ ምሳና ራት ብቻ ብትበላ በቀን 160፣ በወር 4,800 ይመጣል። ጎደሎው 1,800 ነው። ከቤት ሚላክልህ ስንት ነው አልክ? 1,500። እና አባትህ ፍየል ሸጦ የላከው ብር እንዳለ ሽሮ ሆኖ አለቀ ማለት ነው፣ ኮፒህም ሳሙናህም አልተነካም ገና።
ሌላው ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ነው። ብዙ ልጅ ፎርሙን ሬጅስትሬሽን ቀን ፈርሞ ይረሳዋል። በአውሮፓ 2003 በወጣው ደንብ ቁጥር 91 መሰረት ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ምግብና መኝታን ደሞ ሙሉውን ነው ተማሪው ሚከፍለው፣ ተመርቆ ስራ ሲይዝ በየወሩ ከደሞዙ እየተቆረጠ። ስለዚህ የካፌ ምግብ የነፃ ምግብ አይደለም፣ ዕዳህ ላይ ተፅፏል። ካፌ ተመዝግበህ ማታ ማታ ደሞ ወጥ ደበረኝ ብለህ ውጪ ምትበላ ከሆነ ያንን አንድ ራት ሁለቴ ነው ምትከፍለው። እኔን በተማሪ ላይ በጣም ሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

የኩታበሯ
@ጦሳ_ስር ሒሳብህ ልክ ነው ግን ነን ካፌ ሁሉ ሆቴል ነው ሚበላው ያለህ ማነው? እኛ አራት ሴቶች ነን፣ ነን ካፌ ከወጣን ቆየን፣ ውጪ አንበላም። ጤፉ ከኔና ከአንዷ ልጅ ቤት ይመጣል፣ ሽሮና በርበሬ የሌላዋ ልጅ እናት ታዘጋጃለች፣ አራተኛዋ የከተማ ልጅ ናት እህል የላትም፣ እሷ ዘይትና ሽንኩርቱን ትችላለች። ግቢ አጠገብ ያሉ አንዲት እናት እንጀራውን ይጋግሩልናል በእንጀራ ቁጥር ነው ምንከፍላቸው፣ ወጡን እዛው እሳቸው ማጀት ተራ በተራ እየገባን እንሰራለን ምክንያቱም ዶርም ስቶቭ ክልክል ነው፣ ደሞም መከልከሉ ልክ ነው ስድስት ሰው ሚተኛበት ክፍል ውስጥ እሳት አደጋ ነው። ለማብሰያው ከሰል በየወሩ እናዋጣለን። እንዲህ አድርገን ከ3 ሺው እያንዳንዳችን ከግማሽ በላይ ይተርፈናል።
ግን ወንድሜ ልብ በል፣ እኛ ጋ የሰራው ብሩ ብዙ ስለሆነ አይደለም፣ እህል ስላለ ነው። ጤፉን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር አንቆይም ነበር። አባትህ ገበሬ ነው አልክ አይደል? እስቲ ከቤት ብር ከሚመጣልህ እህሉ ራሱ ቢመጣልህ ብለህ አስበው።
በዛ ላይ ደሴ ብርዱ ጠቅሞናል፣ የማታ ሽሮ ለጠዋት ደህና ያድራል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሞቃት ስለሆነ ይሄን እንዳትሞክሩት፣ ያደረ ሽሮ ሆድ ያሳምማል፣ ሚሰራው በልክ መሆን አለበት።

ሱቅ_በር_ላይ
እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ግቢ በር ላይ ሱቅ ነው ያለኝ፣ ግን የተማሪ ብር በኔ እጅ ነው ሚያልፈውና ማየውን ልፃፍ። የዱቤ ደብተሬን ስገልጠው ወሩ መጀመሪያ ላይ ባዶ ነው፣ ሁሉም ካሽ ይገዛል፣ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ካርድ የማይሞላ የለም። ከአስረኛው ቀን ጀምሮ ስም መግባት ይጀምራል። አንድ ልጅ ስሙ ስር እንዲህ ይላል፣ ሻይ 2፣ ቦንቦሊኖ 1፣ ካርድ የ25፣ ሻይ 3፣ ሶፍት፣ ቦንቦሊኖ 2፣ ካርድ የ25፣ ካርድ የ25። ትልቅ ነገር አንድም የለበትም። ወር ሲሞላ ስደምርለት ልጁ "ጋሼ ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ አላወቀውም፣ እየተፃፈ እንጂ እየተከፈለ ስላልሄደ አልተሰማውም። ብር ሲላክለት ግማሹን ለኔ ከፍሎ በቀረው ወር ይጀምራል፣ ስለዚህ ሚቀጥለው ወር ዱቤው ከአስረኛው ቀን ሳይሆን ከአምስተኛው ይጀምራል።
እኔ ነጋዴ ነኝ ዱቤ ብትወስዱ አልጠላም። ግን ልጆቻችን ናችሁና ምክሬ ይሄ ነው፣ ዱቤ ለሳሙና፣ ለሞዴስ፣ ለመድኃኒት ብቻ ይሁን። ለሻይና ለካርድ ዱቤ አትያዙ። ልጁ ራሱ "ጋሼ ለሻይ እንዳትሰጠኝ" ብሎኝ ከሄደ እኔ አልሰጠውም፣ እንደዛ ተስማምተን ምንኖር ልጆች አሉ።

ፋርማሲ_3ኛ
ሱቅ በር ላይ ያሉት ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ የካርዷ ነገር ትክክል ነው ወላሂ። የ25 ካርድ እየሞላን የቀን ፓኬጅ በየቀኑ ከምንገዛ የወሩን አንዴ ብንገዛው ሜጋው በጣም ይረክሳል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን ግን የወሩን ሚሞላ ብር በአንዴ ስለማይኖረን በውድ እንገዛለን። ድሃ በውድ ነው ሚገዛው ሚሉት ይሄንን ነው። መፍትሄው ብር የገባ ቀን ከምንም ነገር በፊት የወር ፓኬጅና ሳሙና መግዛት ነው፣ ሁለቱ ከተገዙ ወሩ ግማሹ ተይዟል።
እኔ የግል ኮሌጅ ነው ምማረው ካፌ ሚባል ነገር የለንም፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ተከራይተን ሦስት ሆነን ነው ምንኖረው። ቤት ምትፈልጉ ካላችሁ ኪራዩ መብራትና ውሃን ይጨምራል አይጨምርም ብላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፣ በኋላ ነው ፀቡ ሚመጣው። እኛ አከራያችን ደግ ናቸው፣ ጠዋት ቡና ሲፈላ ኑ ልጆቼ ይሉናል፣ እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢውን እናፀዳላቸዋለን ውሃ በጠፋ ቀን እንቀዳለን። ይሄ በብር አይፃፍም ግን ኑሮ ነው።

ነጭ_ሱፍ
ቤቲንግን ማንም አላነሳም እንዴ? እኔ ዶርም አንድ ልጅ አለ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ትኬት ሳይቆርጥ አይውልም። መጀመሪያ በ20 ብር ነበር፣ አንዴ 2 ሺ ምናምን በላ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ የለም። ለኮፒ ያዋጣነውን ብር ሁሉ ቆረጠበት፣ ብርድ ልብሱን ሸጦ በደሴ ብርድ ጋቢ ደርቦ ነው ሚያድረው፣ እናቱ ስትደውል አያነሳም። ለሱ ብዬ ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ፣ ቤቲንግ ቤቱ ሚከፍለው ከሌሎች ከተበሉት ብር ላይ ነው፣ ያውም መጀመሪያ የራሱን ትርፍ ቀንሶ። ስለዚህ ብዙ ሰው በቆረጠ ቁጥር ተማሪው በድምር ይከስራል እንጂ አያተርፍም። አንዱ ሲበላ እናየዋለን፣ የተበሉት ሃምሳ ልጆች ግን ዝም ብለው ነው ወደ ዶርም ሚሄዱት። እባካችሁ ጓደኛችሁ ላይ ካያችሁ ገና በ20 ብር ላይ እያለ ያዙት።

ጦሳ_ስር
@ነጭ_ሱፍ አላህ ይርዳው ልጁን፣ አብራችሁት ሁኑ። በስልክ ሚሰጠውን ብድርም እዚሁ ላይ ጨምሩበት። ወሩ ሲያልቅ በሁለት ደቂቃ 500 ብር ይገባልሃል፣ ሰው ፊት አትቆምም ስለዚህ አታፍርም፣ ክፍያው ተቀንሶ ነው ግን ሚገባው፣ ከቤት ብር ሲላክልህ ደሞ ገና ሳታየው ይቆረጣል። አባትየው ልጄ ብሩ ደረሰህ ሲለው ደረሰኝ ይላል፣ እጁ ላይ ግን የለም።

ቢስቲማ_ልጅ
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ በጣም ነው ያነበብኩት። @ሱቅ_በር_ላይ ጋሼ እርስዎ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ደብተር አውጥቼ ያለፈውን ወር ፃፍኩት። ሳሙናና ላርጎ 200፣ ኮፒና ፕሪንት 250፣ ፓኬጅ 250፣ ባጃጅና ታክሲ 200፣ የቀረው 600 ላውንጅና ሻይ ነው። እኔ ላውንጅ ብዙ ምቀመጥ አይመስለኝም ነበር። ግን አንዱ ሻይ ይጋብዘኛል እኔም እጋብዛለሁ፣ ካልጋበዝኩ ስስታም እባላለሁ ብዬ እፈራለሁ፣ እኛ ሀገር ደሞ ብቻውን ሚበላ ሰው እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ይሄ ነገር እናንተ ጋ እንዴት ነው?

አምባሰል_ጀባ
ኧረ ወንድሜ ይሄማ የሁላችንም ነው፣ ወሎዬ ሆኖ ብቻውን ሚበላ ማን አለ። ግን መጋበዝ ማለት ላውንጅ መውሰድ ነው ያለው ማነው? እኛ ዶርም ያደረግነውን ልንገርህ። እናቴ ከቤት በሶ ልካልኝ ነበር፣ አንድ ቀን ማታ ልጆቹ ላውንጅ ሊወጡ ሲነሱ ቁጭ በሉ ብዬ በሶ በጠበጥኩ፣ ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ያላት፣ ለሚፈልግ ደሞ በስኳር። ጠጥተው ተኙ። ከዛ ቀን በኋላ ከየቤቱ መምጣት ጀመረ፣ አንዱ ዳቦ ቆሎ፣ አንዱ ሽምብራ ቆሎ፣ አንዱ ድርቆሽ። ድርቆሽን ማታ ላይ ምትሰራው እንዲህ ነው፣ ላውንጅ ላይ ፈላ ውሃ በፐርሙዝ ታስሞላለህ እምቢ ሚል የለም፣ ድርቆሹን ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ሰባብረህ በርበሬና ዘይት ትለውሰዋለህ፣ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግክ ታሸዋለህ፣ አንዴ ካፈሰስክበት ግን ገንፎ ይሆናል፣ ክዳን ነገር ከድነህ ትንሽ ታቆየዋለህ ይለሰልሳል። ለአምስት ሰው ይበቃል። ማታ ማታ ሚርበው ልጅ ሁሉ ላውንጅ ሚሄደው ምግብ ፈልጎ ነው፣ ምግቡ ዶርም ካለ ማንም አይሄድም። ስስታም ሳትባል ጋባዥ ሆንክ ማለት ነው።
ፆም ላይ ያሉትም በሶና ድርቆሹን ይበሉታል፣ ረመዳን ላይ ደሞ ለሱሁር ከዚህ በላይ ምንም የለም። ካፌ ለሱሁር ባይመቸን እንኳን እኛ ክርስቲያን ሙስሊም ሳንል ሰዓቱ ሲደርስ ሚቀሰቅሰው ልጅ ራሱ ፆመኛ ያልሆነው ነው።

የኩታበሯ
@አምባሰል_ጀባ አላህ ያኑርልህ ይሄን ነው ማለት የፈለግኩት፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ሐይቅ_እናት
ልጆቼ እንደምናችሁ። የምፅፈው በልጄ ስልክ ነው፣ እሷ ስታነበው ሰምቼ እኔም ልናገር ብዬ ነው። እኔ ሁለት ልጅ አስተምሬአለሁ ሦስተኛዋ አሁን ግቢ ናት። አንተ የቢስቲማው ልጅ፣ አባትህን ጨምርልኝ አላልከውም፣ አላህ ይባርክህ። ግን ዝም ማለትህም ለአባትህ ጥሩ አይደለም። እኛ ወላጆች ልጁ ምን እንደጎደለው ካልነገረን ሚያስፈልገውን ሳይሆን የመሰለንን ነው ምንልከው። ደሞ ልንገርህ፣ አንተ ብር ስጠኝ ስትለው አባትህ ምን ያደርጋል? እህሉን ገበያ ያወጣል። መቼ? ጥር ላይ፣ ሁሉም ሰው እህል በሚያወጣበት ወቅት፣ ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ነው ሚገዛው። ያንኑ ጤፍ አንተ ደሴ ላይ እንጀራ ሆኖ በውድ ትገዛዋለህ። በመሀል ያለው ልዩነት የናንተ ነው የጠፋው። እኔ አሁን ለልጄ ብር ትንሽ ነው ምልክላት፣ ጥር ላይ ጤፉን አስፈጭቼ፣ ሽሮውን አዘጋጅቼ፣ በሶውን ፈጭቼ በመኪና እልካለሁ። ለክረምት ሚሆነውን አስቀምጣለሁ፣ ሐምሌ ነሐሴ እህል ሲወደድ አልገዛም። ለአባትህ ደውልና እንዲህ በለው፣ አባዬ እህሉን አትሽጥብኝ ላክልኝ በለው። ያ ለሱ ከባድ አይደለም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ቢስቲማ_ልጅ
እናቴ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው እስከዛሬ የለም። አላህ ጤና ይስጥልኝ፣ ለልጅዎም መልካሙን ሁሉ። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።

ጂሲ_ኮምቦልቻ
ሰላም፣ እኔ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያላችሁ ልጆች እባካችሁ ይሄን ካሁኑ ያዙት። የጂሲ (የተመራቂ ክፍል) ወጪ ማንም ሳይነግራችሁ ነው ሚመጣው። ቲሸርት፣ ሱፍ ወይ ቀሚስ፣ የባቹ መዋጮ፣ የመፅሄት ፎቶ፣ ሪሰርች ማስፃፊያና ፕሪንት ደሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ አድቫይዘሩ ባስተካከለ ቁጥር እንደገና ፕሪንት ነው። ከዛ ደሞ የምርቃቱ ቀን ቤተሰብ ይመጣል፣ ትራንስፖርት አለ ማደሪያ አለ። አባት እናት ደስ ብሏቸው ሲመጡ ማስቀመጫ አጥቶ ሚጨነቅ ልጅ አይቻለሁ። እኛ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ስምንት ልጆች እቁብ ጀምረን ነበር፣ በየሳምንቱ 50 ብር፣ የተመራቂነት ዓመት ሲደርስ መጠኑን ጨመርን። ደራሽ ሲወጣ ለሻይ አይሰጥም ብለን ገና ስንጀምር ነው የተማማልነው፣ እቁቡ ለአንድ ትልቅ ነገር ብቻ ነው። አንዱ ላፕቶፑን አሰራበት፣ አንዷ ለእናቷ መድኃኒት ላከችበት ሁላችንም ደስ ብሎን ነው የሰጠናት። ሁለቴ ያልከፈለ ሚተካው ዋስ አለው፣ ዋስ ሳትይዙ እቁብ አትጀምሩ፣ ጓደኝነታችሁን ያበላሸዋል።

ነጭ_ሱፍ
እቁብ ጥሩ ነው ግን ባንክ ብታስቀምጡት ወለድ አለው እኮ፣ 7 በመቶ ነው በዓመት።

አምባሰል_ጀባ
@ነጭ_ሱፍ 7 በመቶው ጥሩ ነው ለሚቀበለው ሰው፣ ግን ሐምሌ 22 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዘይቱም ደብተሩም ምን ያህል እንደተወደደ አይተሃል፣ በአንድ ሺ ብር ላይ በዓመት 70 ብር አግኝተህ ምኑን ትደርስበታለህ። ወለድ ማይወስድ ሙስሊምም ወለድ አልባ ሂሳብ በየባንኩ አለለት፣ እዛ ይክፈት። ለተማሪ ባንክ ሚጠቅመው በወለዱ አይደለም ብሩን ከእጁ ስለሚያርቅለት ነው። እኔ ብር ሲላክልኝ ባንክ ይቀመጣል፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሳምንቷን ብቻ ወደ ቴሌብር አስተላልፋለሁ፣ ያቺ ካለቀች እስከሚቀጥለው ሰኞ የለም። የኤቲኤም ካርዱ ሻንጣ ውስጥ ነው ሚቀመጠው፣ ይዤው አልወጣም። @ቢስቲማ_ልጅ አንተ 1,500 ካለህ መጀመሪያ የወር ፓኬጁን 250 ቀንሰህ ግዛ፣ ፋርማሲ እንዳለችው፣ ከቀረው 1,250 ላይ በሳምንት 250 ያዝ፣ አራት ሳምንት 1,000 ነው፣ 250ዋ ለክፉ ቀን ትቀመጥ። ብር ሳይላክ ሚያልፍባቸው ወሮች አሉ ብለሃል አይደል፣ እነሱን ምትሻገረው በዛች ነው።

ፋርማሲ_3ኛ
ሥራስ ለምን አላነሳችሁም? እኔ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አስጠናለሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት፣ ቤቷ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው በእግሬ ነው ምሄደው። ወላጆቿ በወር ነው ሚከፍሉኝ፣ ደብተር ኮፒ ምናምን ከሱ ነው ሚወጣው። ልጆቹ ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሲሉ ብዙ ወላጅ አስጠኚ ይፈልጋል፣ ከጥር በኋላ ፈልጉ። ግቢ ውስጥም ፀጉር ሚቆርጡ ልጆች አሉ፣ ሴቶች ዶርም ሹሩባ ሚሰሩ፣ ታይፕ ሚያደርጉ። ግን የፈተና ሰሞን ምንም ሥራ እንዳትይዙ፣ የተበላሸ ውጤት በብር አይመለስም።

ባቲ_መንገድ
አንድ ነገር ልጨምር ከኮፒ ላይ። እኛ ክፍል ሀንድ አውቱን ሁሉም ሰው ኮፒ አያደርገውም። አንድ ዶርም አንድ ኮፒ ነው፣ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንጥለዋለን፣ ላይብረሪ ዋይፋይ ላይ ነው ሁላችንም ምናወርደው። ፈተና ሲቃረብ ከስላይዱ ላይ ራሱ መምህሩ ያተኮረባቸውን ገፆች ብቻ ነው ፕሪንት ምናደርገው በሁለቱም ገፅ አድርገን። ኮፒ ቤቱ አራቱን ስላይድ በአንድ ገፅ ያወጣልሃል ካልከው። የሲኒየር ልጆችን ሀንድ አውት ደሞ አስቀድሞ የጠየቀ ያገኘዋል፣ ሲመረቁ ይጥሉታል እኮ።
ልብስም እንደዛው ነው፣ ደሴ ገና የገባችሁ ፍሬሾች ብርዱ ሚያስደነግጣችሁ ከሆነ ጃኬት አዲስ አትግዙ፣ ልባሽ ተራ ሂዱ ከጠዋቱ ቦንዳው ሲፈታ፣ ረፋድ ላይ ጥሩ ጥሩው ተለቅሞ ያልቃል።

ጦሳ_ስር
ያለፈውን ሁሉ አንብቤ አንድ ሀሳቤን አስተካከልኩ። የኩታበሯ ልጅ ያለችው ልክ ነው፣ እህል ያለውና አብሮት ሚያዋጣ ሰው ያለው ልጅ ነን ካፌ ያዋጣዋል። አሁንም ግን @ቢስቲማ_ልጅ እነዛ ሦስቱን ልጆች ጠይቃቸው፣ ማን ምን ያመጣል? የት ነው ሚበሰለው? ማን ነው ሚጋግረው? መልስ ካላቸው አብረህ ውጣ። ነፃ እንሆናለን ብቻ ከሆነ መልሳቸው ካፌ ቆይ፣ ምክንያቱም ሁለት ወር ሳይሞላ ካፌ መልሱን ብለው ሚለምኑ ናቸው፣ ሴሚስተሩ መሀል ላይ ደሞ መመለስ አይቻልም በብዙ ግቢ።
ለአንዳንዶቻችን ደሞ ይሄ ነገር ከቁጥር በላይ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሱቃቸው የተዘረፈባቸው፣ ከብታቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦች አሉ፣ ልጆቻቸው አሁን ግቢ ናቸው። ከቤት ምንም ሚመጣላቸው የለም፣ ብርም እህልም። ዶርማችሁ እንደዚህ አይነት ልጅ ካለ ስንቁ ሲወጣ ብሉ ብሎ ከመጥራት በላይ ጠይቁት፣ ሳሙናው አልቆ ይሆናል፣ አይናገርም።

የኩታበሯ
ይሄን ስላነሳህ አላህ ይስጥህ። እኛ ጋ አራተኛዋ ያልኳችሁ የከተማ ልጅ እንደዛ ናት። ዘይትና ሽንኩርት ትችላለች ያልኩት እሷ ባዶ እጄን አልበላም ስላለች ነው፣ አንዳንድ ወር እሱም የላትም፣ እኛም አንቆጥርባትም። ወጥ ላይ ግን ከሁላችንም እሷ ናት ምትበልጠው፣ እሷ ተራ ስትሆን እንጀራ ይጨመራል።

ቢስቲማ_ልጅ
ደወልኩለት። የሐይቋ እናት እንዳሉት ነው የሆነው፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው ጤፍ እየገዛህ ምትበላው" ብሎ ተቆጣኝ፣ ከዛ ግን ደስ አለው፣ እናቴን ተጣርቶ ሲነግራት ሰማሁት። በሶና ድርቆሽ ሳምንቱ ሲያልቅ ትልክልኛለች፣ ጤፉ ጥር ላይ። ልጆቹንም ጠየቅኳቸው፣ አንዱ ብቻ ነው ከቤት እህል ላመጣ እችላለሁ ያለው፣ ሌሎቹ ሆቴል በኮንትራት እንበላለን ነው ሚሉት። ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ካፌ እቆያለሁ፣ ከዛኛው ልጅ ጋር ሚቀጥለውን እናያለን፣ ሚጋግሩልን ሰው ከወዲሁ እንፈልጋለን። ሳምንት በሳምንት ያላችሁኝንም ሰኞ እጀምራለሁ። ከደሴ ቢስቲማ ዕቃ ሚያመላልስ መኪና በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ባቲ_መንገድ
በገበያ ቀን ነው ዕቃ ሚበዛው ብዙ ጊዜ፣ መናኸሪያ ሄደህ የወረባቦን (የቢስቲማን ወረዳ) ሹፌሮች ጠይቃቸው፣ የአባትህን ስም ብትነግራቸው ሚያውቁት አይጠፉም። ጆንያው ላይ ስምህንና ስልክህን በእስክሪብቶ ሳይሆን በማርከር አስፅፍ፣ የእስክሪብቶውን ዝናብ ያጠፋዋል። ስትረከብ ደሞ አፉ የተሰፋ መሆኑን እይ፣ ሹፌሩ እያለ።

ሱቅ_በር_ላይ
ጤፉ ሲመጣ ዶርም አትክተቱት አይጥ ይበላዋል። ግቢ በር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ጓዳዬ ቦታ አለ፣ አስቀምጥልሃለሁ ምንም አትከፍልም። ና ጠይቀኝ።

ቢስቲማ_ልጅ
ጋሼ አላህ ይስጥልኝ። ነገ ከሰዓት ከክላስ ስወጣ እመጣለሁ።